ሰርጌን መንገድ ላይ ያስቀሩት ሁለት መኪኖች

ሰርጌ ለምን እንደቀረ ብትጠይቁ፣ ከበቆጂ እስከ አሰላ ያለ ሰው ሁሉ የራሱ መልስ አለው። አንዱ «መኪና አማርጣ ነው» ይላል። ሌላው «ደም አይታ ደንግጣ ነው» ይላል። የባሰበት ደግሞ «ድሮም ሌላ ሰው ነበራት» ብሎ ይደመድመዋል። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር። ስናገር ድምፄ ከፍ ካለባችሁ ታገሱኝ፤ ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሶስና እባላለሁ። ያኔ በቆጂ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ። አባቴም ጡረታ እስኪወጣ ያስተማረ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ አማርኛ፣ ከደጃፋችን ውጭ ኦሮምኛ እየተናገርኩ ነው ያደግኩት። ዳዊትን ያወቅኩት አሰላ ለስልጠና በሄድኩበት ጊዜ ነው። አጎቱ አቶ ጌታሁን የግንባታ ዕቃ ያከፋፍላሉ፤ እሱም እሳቸው ጋ ይሠራል። ለስላሳ ልጅ ነው። ሳቂታ ነው። ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የወደድኩለት ይህንን ነበር። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ግን ሌላ ናቸው። አሰላ ገበያ ውስጥ እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ ሲቆጡ ሦስት መደብር አልፎ የሚሰማ ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው። እውነቱን ለመናገር እፈራቸው ነበር።

ሽማግሌዎቹ በሁሉም ነገር ተስማምተው ነበር። በድግሱ፣ በአዳራሹ፣ በቀኑ። ያልተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሽሪት በማን መኪና ትሂድ?

አቶ ጌታሁን በዚያው ሰሞን ጥቁር ቪኤይት ገዝተው ነበር። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም። «የዳዊት ሚስት በሌላ መኪና አሰላ አትገባም» አሉ። የአባቴ የአጎት ልጅ ጋሽ ተፈራ ደግሞ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ወሬውን ሲሰማ ነጭ ፓትሮል ይዞ በቆጂ ድረስ መጣ። «ልጃችን በሰው መኪና ከአባቷ ቤት አትወጣም!» አለ። ከዚያ በኋላ የሰርጉ ወሬ ሁሉ መኪና ሆነ። እናቴ ስለ ጠላው ስትጠይቅ ጋሽ ተፈራ ስለ ሞተሩ ይመልሳል። ዳዊት ሲደውልልኝ «እንዴት አደርሽ» ካለ በኋላ የሚከተለው «ጋሽ ተፈራ ምን አለ?» የሚል ነበር። እኔ እስቅ ነበር። ወንዶች ናቸው፣ ይወጣላቸዋል ብዬ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ አስታረቁ። ከበቆጂ እስከ ሳጉሬ በፓትሮሉ፣ ከሳጉሬ አሰላ በቪኤይቱ እንድሄድ ተወሰነ። ልክ እንደ ዱላ ቅብብል። ከሳጉሬ አለፍ ብሎ መንገዱ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ ነው፣ ጭላሎ ከፊት ለፊት ይታያል። ለፎቶ ያምራል ተብሎ መለዋወጫው ቦታ እዚያ ሆነ።

በወጉ የሙሽራው እናት ቤቷ ሆና ነው የምትቀበለው። ወይዘሮ አስካለ ግን «ሙሽራዬን መንገድ ወጥቼ ነው የምቀበለው» ብለው ከወንድማቸው ከአቶ ጌታሁን ጋር መጥተው ነበር። እኛ ስንደርስ ጥቁሩ ቪኤይት አበባ ተለጥፎበት፣ አፉን ወደ በቆጂ አዙሮ ቆሟል። እኔና ዳዊት በፓትሮሉ፣ ከኋላችን ጓደኞቼንና ዘፋኞቹን የጫነ አንድ ሚኒባስ፣ ከዚያ ጥቂት የቤት መኪኖች ነበርን። በዚያ ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር መንገዱ ላይ ሌላ መኪና እምብዛም አይታይም።

ቪዲዮ ቀራጩ ወረደና «ሁለቱን መኪኖች አፍንጫ ለአፍንጫ ግጠሙልኝ፤ ሙሽሪት በመሃል ታልፋለች» አለ። ገጠሙ። አስፋልቱን በሰያፍ ዘግተው ቆሙ። በግራም በቀኝም ጥልቅ የውሃ መውረጃ ቦይ ስላለ አንድ ባጃጅ እንኳ የሚያልፍበት ቦታ አልቀረም።

ወርጄ አለፍኩ። ተቀረፀ። «በቃ፣ እንሂድ» ስል ማን ይስማ።

«እስቲ ኮፈኑን ክፈተው» አለ ጋሽ ተፈራ።

አቶ ጌታሁን ከፈቱ። ጋሽ ተፈራም ከፈተ። ወንዶቹ ከየመኪናው እየወረዱ ከበቡ። ልጆቹ ስልካቸውን አወጡ።

«ስምንት ሲሊንደር ነው» አሉ አቶ ጌታሁን።

«የኔም ስምንት ነው! ጉልበቱን ጠይቅ እንጂ ቁጥሩንማ ማንም ይቆጥራል።»

«ውስጡን እየው። ነጭ ቆዳ ነው። ወንበሩ ጀርባህን ያሽልሃል። መሃል ላይ ፍሪጅ አለው።»

«ፍሪጅ ምን ያደርግልኛል፣ በቆጂ ነው የመጣሁት፤ አገሩ ራሱ ፍሪጅ ነው!»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የጣሪያው መስኮት መጣ፣ ካሜራው መጣ፣ ከመሬት የማን ከፍ ይላል ተባለ። አንዱ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ለካ። «ይሄ እኮ ወንዝ ይሻገራል» ሲል ሌላው «ይሄኛው ገደል ይወጣል» አለ። ከዚያ ሽያጭ ላይ የቱ ዋጋውን ይጠብቃል ተባለ። ፀሐዩ በረታ። የለበስኩት ቬሎ ከበደኝ። ጓደኞቼ ከሚኒባሱ ወርደው ዘፈኑን ሊቀጥሉ ሞከሩና ሰሚ ሲያጡ ተዉት።

ሰዎቹን መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነኝ። በታጨደው ማሳ ውስጥ ወንዶች እየሮጡ ይመጡ ነበር። የሚሮጡት አንድ ነገር ተሸክመው ነው። ለጥቂት ጊዜ የሰርግ አጃቢ የተቀላቀለን መሰለኝ። ሲቀርቡ ቃሬዛ መሆኑን አየሁ። ከሁለት አጣናና ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ቃሬዛ ነው። ላዩ ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። ከቃሬዛው ሥር እየተንጠባጠበ የሚወርደው ደም ነበር።

ከፊት የነበረው ጎልማሳ አስፋልቱ ላይ እንደወጣ አቶ ጌታሁን ፊት ቆመ። ስሙ ሁሴን እንደሆነ ኋላ አወቅኩ። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ጋሼ፣ ማሎ! አሰላ አድርሱን፣ ሆስፒታል ብቻ። ወንድሜ ነው። ስንዴ ስንወቃ ማሽኑ እግሩን በላው።»

«ማሎ» በኛ አገር ልመና ነው። እንደ «እባካችሁ» ነው፤ ግን ከእሱ ይበልጥ አንጀት ይበላል።

የተኛው ሰው ከድር ይባላል። ሱሪው በመውቂያው ማሽን በሚሽከረከር ቀበቶ ተይዞ፣ ቀበቶው እግሩን ይዞት ገብቷል። ከጉልበቱ በታች ያለውን አልነግራችሁም። ሚስቱ ፋጡማ ከአጠገቡ ጭንቅላቱን ደግፋ በሻሿ ፊቱን ትጠርጋለች። አታለቅስም። የሁላችንንም ፊት በየተራ ታያለች።

«አምቡላንስ አልጠራችሁም?» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ጠርተናል፣ ጋሼ። መጣሁ ይላል፣ አይመጣም። ሰውዬው እያለቀ ነው።»

አቶ ጌታሁን መጀመሪያ ሰውየውን አዩ። ከዚያ ዞረው መኪናቸውን አዩ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

«ወንድሜ፣ እግዜር ይማረው። ግን ይሄ የሙሽራ መኪና ነው። ላስቲኩ ትናንት ነው የተነሳው፤ ነጭ ቆዳ ነው፤ ደም ከቆዳ አይለቅም። ያኛውን ጠይቁት፣ ሰፊ ነው ሲል ነበር።»

ሁሴን ወደ ጋሽ ተፈራ ሮጠ። ጋሽ ተፈራ ፊቱ ተለዋወጠ። ለሁሴን ሳይመልስ እኔን በክንዴ ይዞ ዞር አደረገኝና በሹክሹክታ፣ «ሶሲዬ፣ መኪናው እኮ የኔ አይደለም። የአለቃዬ ነው። ለሰርግ ብዬ ለምኜ ነው ያመጣሁት፤ ደም ከነካው ከሥራ ነው የምባረረው» አለኝ።

ሳምንት ሙሉ «መኪናዬ» ያለው ሰው ነው። ለመናደድም ጊዜ አልነበረኝም።

የሚኒባሱ ሹፌር አብዲ የአርሲ ልጅ ነው። ብዙም አይናገርም። ከኋላ መጣና «እኔ እወስደዋለሁ፤ ወንበሩን እጠፉልኝ፤ መንገዱን ብቻ ልቀቁልኝ» አለ።

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። አለቀ አልኩ። ሴቶቹ ዕቃቸውን ከሚኒባሱ ማውረድ ጀመሩ፣ ከድርን አስገቡት። አብዲ ሞተር አስነሳ። የቀረው አንደኛው መኪና ጥቂት ወደ ኋላ ማለት ብቻ ነው። አንዱ ብቻ!

«ጌታሁን፣ ወደ ኋላ በልልን» አለ ጋሽ ተፈራ።

«እኔ ለምን? አንተ በል።»

«እኔማ የመጣሁት ወደ አሰላ ነው፤ አቅጣጫዬን ይዤ ነው የቆምኩት። ከፊቴ የመጣኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ቀድሜ ነው የደረስኩት! ቆሜ ነው ያገኘኸኝ!»

ቀልድ መሰለኝ። ከከበቧቸው ልጆች አንዱ «ወደ ኋላ ያለ ተሸነፈ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ተቀበሉት። ስልኮቹ ሁሉ ከፍ አሉ። ያ ጩኸት ነገሩን አበላሸው። ሁለቱም ወደየመኪናቸው ገቡ፤ እሰይ ሊሄዱ ነው ስል ሁለቱም ሞተር አስነስተው በየቦታቸው ቆሙ። ተፋጠጡ። አቶ ጌታሁን ክላክስ ነፉ። ጋሽ ተፈራ መለሰ።

ወይዘሮ አስካለ እስከዚያ ድረስ ከሴቶቹ ጋር ሆነው የከድርን እግር በነጠላቸው ሲያስሩ ነበር። ክላክሱን ሲሰሙ ከሚኒባሱ ወረዱ። እጃቸው ቀልቷል። ወንድማቸው መስኮት ላይ ደርሰው በዚያ በገበያ ድምፃቸው፣

«ጌታሁን! ሰው እየሞተ ነው! ወደ ኋላ በል!» አሉ።

«እትዬ፣ እሱ ይበል። ልጆቹ እየቀረፁ ነው፤ ነገ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«መሳቂያማ ሆነሃል!»

«እጅሽን ከበሩ ላይ አንሺ፣ ደም ነው» አሏቸው። ለእህታቸው። ያሳደጓቸው እህታቸው ናቸው።

ዳዊትን ፈለግኩት። ሁለቱ መኪኖች መሃል ቆሟል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አበባውን ደረቱ ላይ ሰክቶ።

«ዳዊት፣ ተናገር!» አልኩት። «አጎትህ ነው፣ አንተን ይሰማል። የሰርጉ ባለቤት አንተ ነህ። በለው!»

አጎቱን አየ። ጋሽ ተፈራን አየ። እኔን አየኝ።

«ሶሲ፣ መሃል ገብቼ ምን ልበል? አንዱን ባስነሳ አንዱ ይቀየመኛል። ትንሽ ታገሺ፣ ይስማማሉ።»

ይስማማሉ! ሰውየው ደሙ እየፈሰሰ ይስማማሉ!

አብዲ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እኅቴ፣ እነዚህን አትጠብቂ» አለኝ። «በማሳው እዞራለሁ። ቦዩ ላይ ብቻ ግፉልኝ።»

አሮጌ ሚኒባስ ነው። የኋላ በሩ በገመድ የታሰረ ነው። መሪውን አዙሮ ወደ ቦዩ ወረደ፤ የፊት እግሩ ገባ፣ የኋላው ሲገባ ሆዱ መሬት ነክቶ ቆመ። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ጓደኞቼ ወረዱ። ወይዘሮ አስካለ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው ወረዱ። ሁሴንና ጓደኞቹ ከጎን ያዙ። ቬሎዬ ቦዩ ውስጥ ካለው እሾህ ጋር ተያይዞ ሲቀደድ ሰማሁት፤ ደስ አለኝ፣ ቀለለኝ። «ሆ!» ብለን ገፋን። አልወጣም። ጎማው አቧራና ድንጋይ ፊታችን ላይ ረጨ። ከሚቀርፁት ልጆች ሁለቱ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው መጥተው ትከሻቸውን ሰጡን። በሁለተኛው ግፊት ተንቀሳቀሰ፤ በሦስተኛው ማሳው ላይ ወጣ። እየዘለለ በታጨደው ስንዴ ላይ ሄደ፣ ሁለቱን መኪኖች ዞረ። እኛ ከኋላው ሮጥን። አስፋልቱ ላይ ለመመለስ ቦዩን እንደገና መሻገር ነበረበት፤ እንደገና ገፋነው።

በሩ ሲከፈት ዘልዬ ገባሁ። ወይዘሮ አስካለን ጎትቼ አስገባሁ፤ ሁሴንም ተከትሎን ገባ። ዘወር ስል ዳዊት እዚያው መኪኖቹ መሃል ቆሞ ነበር። «ሶሲ! የት ትሄጃለሽ?» የሚል ድምፁን ሰማሁ። አብዲ ነዳው።

እስከ አሰላ ያለውን መንገድ በሙሉ የከድርን እግር ከጉልበቱ በላይ ይዤ ነው የሄድኩት። ወይዘሮ አስካለ የነጠላውን ቋጠሮ በእንጨት እያጠበቁ «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» ይላሉ። ፋጡማ ጆሮው ሥር ቁርዓን ትቀራለች። ከድር አንዴ ይነቃል፣ አንዴ ይጠፋል። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ማሽኑ ነው።

«ማሽኑን አጠፉት?» አለ በኦሮምኛ።

«አጥፍተውታል» አለችው ፋጡማ።

«ሌላ ሰው እንዳይነካ።»

ከዚያ ዓይኑን ገለጠና እኔን አየ። ነጭ ልብሴን፣ አበባዬን፣ ደሙን። ግር አለው።

«ሙሽራ ነሽ?»

«አዎ።»

«ያንቺ ሰርግ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«ይቅር በይኝ» አለ። «ቀንሽን አበላሸሁብሽ።»

በሉ ፍረዱ! በዚያ ቀን ከነበረው ሰው ሁሉ፣ ያ ሁሉ መኪና ካለው፣ ያ ሁሉ ሙሉ ልብስ ከለበሰው ሰው መሃል፣ ይቅርታ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ደሙ እየፈሰሰ ያለው ነው። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። ሐዘን መስሏቸው ፋጡማም ወይዘሮ አስካለም ሊያባብሉኝ ሞከሩ። ሐዘን አልነበረም።

ሆስፒታል ስንደርስ በአልጋ ተቀበሉን። ሐኪሙ ወጣት ነው። እግሩን ገልጦ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«መቼ ነው የተጎዳው?»

ሁሴን ጊዜውንም ቦታውንም ነገረው።

«ከሳጉሬ ወዲህ አይደለም እንዴ? ታዲያ እስካሁን የት ቆያችሁ?»

ሁሴን የማንንም ስም አላነሳም። ገበሬ ነው፤ ሰው ማሳጣት ነውር ነው ብሎ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው የመለሱት።

«መኪና ስናወዳድር» አሉ።

ሐኪሙ የተቀለደበት መሰለው። አየት አደረጋቸውና አልጋውን እየገፋ ገባ።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያለፈው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አንዲት አስታማሚ መጥታ ሙሽራዬ የሞተ መስሏት እጄን ይዛ አለቀሰች። ወይዘሮ አስካለ ከኔ አጠገብ ሆነው በእጃቸው ላይ የደረቀውን ደም በጥፍራቸው ይፍቃሉ። እኒያ የምፈራቸው ሴትዮ ናቸው። እጃቸውን እያዩ፣

«ዳዊትን ብቻዬን ነው ያሳደግኩት» አሉኝ። «ሰው እንዳይጠላው ብዬ፣ ከሁሉም ጋር ተስማማ እያልኩ። ለካ አሳድጌ አልጨረስኩትም።»

እጃቸውን ያዝኩ።

ሐኪሙ ወጣ። ሕይወቱ ይተርፋል አለን። እግሩ ግን አይሆንም፤ ከጉልበቱ በታች መቆረጥ አለበት። ፋጡማ የሰማችውን እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፦

«እኅቴ፣ እነዚያ ሰዎች መኪናው ውስጥ የሚያዩት ምን ነበር? ያን ያህል ጊዜ የሚያዩት ምን ነበር?»

እውነተኛ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ ለአሽሙር አልነበረም። የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ መስሏት ነበር።

ዳዊት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ላብ አጥምቆታል። ሌላ ቬሎ በላስቲክ አንጠልጥሏል፤ ከቬሎ አከራይዋ ለምኖ ያመጣው ነው።

«ሶሲ፣ ሰው አዳራሽ ሞልቷል። ምሳ ተጀምሯል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ለፊርማው መጥቶ ይጠብቀናል። ቶሎ ልበሺና እንሂድ።»

«ሰውየው እግሩ ሊቆረጥ ነው» አልኩት።

«ያሳዝናል። ሰማሁ። እግዜር ያጽናናቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ። አጎቴ ተቀይሟል። በሰው ፊት ጥለሽን ሄድሽ፣ እማዬም አዋረደችው። ስንገባ ጉልበቱን ሳም አድርጊና ይቅርታ በይው፤ ያልቃል። ላንቺ ምንሽ ነው? አንዲት ቃል ናት።»

«በመጨረሻ ማን ነው ወደ ኋላ ያለው?» አልኩት።

«እ?»

«ከሁለቱ ማን ነው መንገዱን የለቀቀው?»

ዓይኑን ሰበረ። «እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው እኩል ወደ ኋላ እንዲሉ ተደረገ። በአንድ ላይ። ማንም አልተሸነፈም።»

ማንም አልተሸነፈም! እኩል ለመሆን ሽማግሌ ተጠራ። ይህንን ሲነግረኝ እንደ ጥሩ ዜና ነው የነገረኝ፤ ሊያሳርፈኝ። ያኔ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ተዘጋ። አልጮኽኩም። የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ የነደደው ንዴቴ በዚያች ቅጽበት ረጋ አለ።

«ዳዊት» አልኩት፣ «ነገ እኔ ብሆን እዚያ ቃሬዛ ላይ፣ ማንን እንዳላስቀይም ብለህ ትቆም ነበር?»

«አንቺማ ሌላ ነሽ!»

«ለፋጡማም እሱ ሌላ ነው።»

እናቱን አየ፤ እንዲያግዙት። ወይዘሮ አስካለ ተነሱ። ልጃቸውን አይደለም ያዩት፣ እኔን ነው። «ልጄ፣ አግቢው ብዬ አልለምንሽም። ተይውም አልልሽም። ያየሽውን አይተሻል» አሉ።

ስልክ ተውሼ አባቴ ጋ ደወልኩ። ያለውን ነገርኩት። አባቴ ሲያስተምር ኖሮ ነገር በቶሎ አይመልስም። «እናትሽ ታለቅሳለች» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ ግን መጥቼ እወስድሻለሁ።» አብዲ ነው ይዞት የመጣው። በዚያው አሮጌ ሚኒባስ፣ በዚያው በተቀደደ ቬሎ፣ ቤቴ ተመለስኩ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብትሰሙ ምን ትላላችሁ?

መንገድ በመዝጋት ክስ ልመሠርት ወደ ፖሊስ ሄድኩ። መኮንኑ በትዕግሥት ሰማኝና ሳቀ። «እኅቴ፣ የዘጋው እኮ የራስሽ ሰርግ ነው። ራስሽን ልትከሺ ነው?» አለኝ። ልጆቹ የቀረፁት ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ስልክ ለስልክ ዞረ። ሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ስለ ሁለቱ መኪኖች ነው፤ ቪኤይት ይሻላል፣ ፓትሮል ይሻላል። ቃሬዛው በግልጽ ይታያል። «ያ ሰውዬ ምን ሆነ?» ያለ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ጋሽ ተፈራ እስከ ዛሬ አያናግረኝም፤ የመኪናውን ምስጢር አወጣሽብኝ ብሎ። በሳምንቱ አሰላ ስሄድ ያ ጥቁር መኪና ታጥቦ፣ እንደገና አበባ ተለጥፎበት፣ ሌላ ሙሽራ ጭኖ ሲያልፍ አየሁት። ሰው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

እኔ ምን ተለወጥኩ? ድሮ ሰው የማያስቀይም ሰው ደግ ይመስለኝ ነበር። አሁን ለማን ብሎ ማንን እንደማያስቀይም አያለሁ። ክፍል ውስጥ ልጆች ተጣልተው «እኔ ምን አገባኝ» የሚል ተማሪ ሳይ እንደ ድሮው ጨዋ ነው ብዬ አላልፈውም፤ ተነሥቶ ያየውን እንዲናገር አደርገዋለሁ። ወላጆች ይህቺ መምህርት ነገረኛ ሆነች ይላሉ። ይበሉ። እናንተም መኪና ግዙ፣ ያማረውን ግዙ፣ ደስ ይበላችሁ። ግን ወደ ኋላ ማለት ሽንፈት የሆነባችሁ ቀን፣ ከኋላችሁ ማን እንደተኛ ወርዳችሁ እዩ።

ከወይዘሮ አስካለ ጋር ግን አልተለያየንም። በበዓል በበዓሉ ከአሰላ ይመጣሉ፤ አብረን እነከድር ቤት እንሄዳለን። ከድር አሁን በክራንች ይሄዳል። ማሳውን ለእኩል ሰጥቶታል፤ ሌላ ሰው ያርስለታል። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የንብ ቀፎ ይሠራል። በሄድኩ ቁጥር ፋጡማ ወተት ስታቀርብልኝ እሱ ጣቶቼን ያያል፤ ቀለበት እንዳለ ለማየት።

«እስካሁን አላገባሽም?»

«አላገባሁም።»

«በኔ ምክንያት ነው» ይላል፤ አንገቱን ይደፋል።

በሱ ምክንያት እንዳልሆነ ስንት ጊዜ ነገርኩት። አያምነኝም። እግሩን ያጣው እሱ ሆኖ፣ ዛሬም ጥፋተኛ ነኝ የሚለው እሱ ነው። እነዚያ ሁለቱ ግን «በእኛ ምክንያት ይሆን?» ብለው አንድ ቀን እንኳ ሲጠይቁ አልሰማሁም።